አይነጥፌ ዝም ያለባት ነጥብ

ማክሰኞ መጋቢት ፲፰ ቀን ፲፱፻፴፯ ዓ.ም. ከረፋዱ አራት ሰዓት ሲሆን፣ ዓለምን ስድስት ዓመት ያህል ሲያነድ የኖረው ጦርነት ሊያበቃ ስድስት ሳምንት ብቻ ቀርቶት ነበር፤ ይህን ግን በዚያ ረፋድ የሚያውቅ ሰው አልነበረም። የከተማው ትልቁ ሆስፒታል መስኮቶች፣ የአየር ድብደባ ቢመጣ መስተዋቱ እንዳይበተን፣ በወረቀት ጥብጣብ እንደተለጠፉ ነበሩ፤ በሦስተኛው ፎቅ ኮሪደር ላይ ከአራቱ አምፖሎች ሦስቱ ለቁጠባ ተፈተው ተወስደዋል፤ በኮሪደሩ መጨረሻ ባለው የኦፕራሲዮን ክፍል ውስጥ ግን ትልቁ መብራት ያለ ስስት በርቶ፣ ከሥሩ አንድ ሰው በቀኝ ጎኑ ተጋድሞ፣ የራስ ቅሉ በግራ በኩል ተከፍቶ፣ አንጎሉ ለብርሃን ተገልጦ፣ እሱ ራሱ ግን አጥር ተደግፎ ከጎረቤቱ ጋር እንደሚጫወት ሰው ያለማቋረጥ ያወራ ነበር።

«እትዬ ሲስተር፣ እጅዎ እንዴት ይቀዘቅዛል! ለመሆኑ ኦፕራሲዮን የሚደረገው ማነው? እኔ ነኝ ወይስ እርስዎ?»

«አርፈህ ተኛ» አሉት ዋናዋ ነርስ፤ ፊቱን ከሐኪሞቹ በሚለየው ነጭ ድንኳን መሳይ ጨርቅ ሥር ተቀምጠው እጁን ይዘዋል። «አፍህንም ትንሽ አሳርፈው።»

«አፌ ካረፈማ ሥራው ቀረ። አውራ ተብያለሁ፤ ትእዛዝ ነው!»

እውነቱን ነበር። አንጎል የአካሉን ሁሉ ሕመም ይቀበላል እንጂ የራሱ ሕመም አይሰማውም፤ ስለዚህ የራስ ቆዳውን ብቻ በመርፌ አደንዝዞ፣ ሰውየው ነቅቶ እያወራ፣ ቀጭን ኮረንቲ በአንጎሉ ገጽ ላይ ነጥብ በነጥብ እየነኩ የትኛው ስፍራ ምን እንደሚሠራ መጠየቅ ይቻላል። ነጥቧ የእጅ ከሆነች እጅ ይነዝራል፤ የዓይን ከሆነች ብልጭታ ይታያል። መልስ በተገኘበት ነጥብ ላይ ከጥፍር የምታንስ የቁጥር ወረቀት ትቀመጣለች፤ ቁጥሮቹ ሲበዙ ካርታ ይሆናሉ፤ ቢላዋውም በካርታው ይመራል።

የተጋደመው ሰው የሠላሳ አራት ዓመት ጎልማሳ፣ የመንግሥት ራዲዮ ጣቢያ ዜና አንባቢ ነበር። ባልደረቦቹ «አይነጥፌ» ይሉታል። ስሙ የወጣለት ከዓመታት በፊት የሚነበበው ጽሑፍ ከማይክሮፎኑ ፊት በሰዓቱ ሳይደርስ ቀርቶ፣ ሃያ ሁለት ደቂቃ ሙሉ ስለ ብስክሌት ጥገና ከራሱ አውጥቶ በተናገረ ጊዜ ነው፤ ከአድማጮች አንዳቸውም ችግር መኖሩን አላወቁም፤ እንዲያውም ሁለት ሰዎች ቀጣዩ ክፍል መቼ እንደሚተላለፍ በደብዳቤ ጠየቁ። ጦርነቱ መጀመሩን ሕዝቡ የሰማው ከእሱ አንደበት ነው፤ የሞቱትን ወታደሮች ስም ዝርዝርም በየሳምንቱ የሚያነበው እሱ ነበር። ባለፈው ዓመት ግን ያንኑ ዝርዝር በማንበብ ላይ ሳለ የተቃጠለ ጎማ ሸተተው፤ ቀኝ አውራ ጣቱ መርገፍገፍ ጀመረ፤ አድማጮች የወንበር መውደቅ ሰሙ፤ ከዚያ ወዲያ ምንም አልሰሙም። የሚጥል በሽታ ነበር፤ በክረምቱ አምስት ጊዜ ተመላለሰበት። የጣቢያው አዛዥ ኮሎኔል ጨካኝ ሰው ባይሆኑም ነገር አያስረዝሙም ነበርና «ድኖ ይምጣ፤ ካልዳነ አይምጣ» ሲሉ ወሰኑ።

የበሽታው ምንጭ ከግራ ጆሮው በላይ ባለው የአንጎል ክፍል መሆኑ ታውቋል፤ ተቆርጦ ሊወጣ ይችላል። ችግሩ የንግግር ስፍራ ከዚያው አጠገብ መሆኑ ነው። ከድንበሩ የእህል ፍሬ ታህል ቢታለፍ ሰውየው ከመውደቅ ይድናል፤ ቃል ግን አይወጣውም።

ይህን ድንበር ለማግኘት ከኮረንቲው ማሽን ኋላ የተቀመጠችው የሠላሳ አንድ ዓመት ሴት ሐኪም ነበረች። በዚያ ሆስፒታል የአንጎል ክፍል ውስጥ እንድትሠራ የተፈቀደላት የመጀመሪያዋ ሴት ናት፤ የተፈቀደላትም ወንዶቹ ወደ ጦር ሜዳ ስለዘመቱ መሆኑን አሳምራ ታውቃለች። ነርሶቹ «ወይዘሪት ኮረንቲ» የሚሏት ከማሽኗ ስለማትለይ እንጂ ጠባይዋ ስለሚያቃጥል አልነበረም፤ ጠባይዋስ እጅግ ቁጥብ፣ ቃል ከአፏ የምታወጣው ጨው እንደሚቆነጥር ሰው ነበር። በአራት ዓመት የአርባ ሰዎችን የአንጎል ካርታ ሠርታለች፤ ካርታዎቹን አንዱን ከሌላው ጋር ስታስተያይም ያልጠበቀችው ነገር ገጠማት፤ መጻሕፍቱ የንግግር ስፍራ በሰው ሁሉ አንድ ቦታ ነው ይላሉ፤ እሷ ግን ስፍራው ከሰው ሰው ይለያያል የሚል ድምዳሜ ላይ ደረሰች። አለቃዋ ሽማግሌው ፕሮፌሰር ይህን ሲሰሙ ተቆጥተው አልነበረም፤ ፈገግ ብለው ነበር፤ ከቁጣቸው ይልቅ ያሳዘናት ፈገግታቸው ነው።

በዋዜማው በሆስፒታሉ ደረጃ ላይ የአይነጥፌ ታላቅ እህት ሐኪሟን አግኝታት ነበር። ወላጆቻቸው ካረፉ ጀምሮ ወንድሟን ያሳደገችው እሷ ናት፤ በወታደር ካፖርት ስፌት ፋብሪካ ትሠራለች።

«ዶክተር፣ ፈርሚ የተባልኩትን ወረቀት አንብቤዋለሁ» አለቻት። «አንድ ነገር ግን አልተጻፈበትም።»

«ምን?»

«ካልተሳካ ማንን ይዤ ነው ቤቴ የምገባው? ይሄ ልጅ አንድ ዓመት ሳይሞላው ነው ወሬ የጀመረው። ድምፁን ከወሰዳችሁበት የምትመልሱልኝ ወንድሜን አይደለም፤ ኮቱን ነው።»

«ይሳካል ብዬ ቃል ልገባልዎ አልችልም» አለች ሐኪሟ። «ቃል የሚወጣበትን ስፍራ ግን እፈልጋለሁ፤ ሳላገኘው አይቆረጥም።»

«ይሄማ ቃል መግባት ነው» አለች እህቱ፤ ፈረመችም።

አሁን ፕሮፌሰሩ ጫፏ ብር የሆነችውን ቀጭን ዘንግ ይዘው ነጥብ ይነካሉ፤ ሐኪሟ የእግር መርገጫውን ትረግጣለች፤ ማሽኑ እንደ ንብ «እምምም» ይላል፤ አይነጥፌ የተሰማውን ይናገራል፤ ነርሷ የፊቱን ሁኔታ ይጨምራሉ፤ ሐኪሟ በመዝገብ ትጽፋለች። ሥራው በሚያስገርም ፍጥነት ይሄድ ነበር። እንዲህ ያለ ሕመምተኛ አይተው አያውቁም፤ ሌላው «እንጃ» ወይም «ምንም» የሚልባቸው ነጥቦች ሁሉ ለአይነጥፌ ሙሉ ዓረፍተ ነገር ነበሩ።

«ከንፈሬን በቀኝ በኩል እንደ ጉንዳን ሄደብኝ። ጉንዳኑ አልቸኮለም።»

«ቁጥር ዘጠኝ፤ ከንፈር» አሉ ፕሮፌሰሩ ደስ ብሏቸው።

«አሁን ደግሞ ምላሴ ወፈረ፤ የሰው ምላስ ያዋሱኝ ይመስላል።»

«አሥር፤ ምላስ።»

በአሥራ ሁለተኛው ነጥብ ላይ ነው ነገሩ የተገለጠው። አይነጥፌ «አውራ ጣቴን ነዘረኝ» ሲል ሐኪሟ ይህንኑ ልትጽፍ አንገቷን ደፋች፤ ዓይኗም በማሽኑ ጎን ላይ ዐረፈ፤ ወደ ዘንጓ የሚሄደው ሽቦ ከብሎኑ ወልቆ ተንጠልጥሏል። ማሽኑ ጮኋል፤ ኮረንቲ ግን አልሄደም።

ምንም ሳትናገር ሁለተኛ ጊዜ ረገጠች። «እምምም» አለ ማሽኑ።

«አሁንም አውራ ጣቴ፤ ግን ለስለስ ብሎ» አለ አይነጥፌ።

የዶክተሯ እስክሪብቶ ቆመ። እሷ በዚያች ቅጽበት የታያት የወለቀው ሽቦ ሳይሆን በሰውየው አንጎል ላይ የተደረደሩት አሥራ ሁለቱ ወረቀቶች ነበሩ፤ የትኛው እውነት፣ የትኛው ባዶ እንደሆነ በዓለም ላይ የሚያውቅ ሰው አልነበረም።

«ፕሮፌሰር፣ እባክዎ እጅዎን ያንሡ።»

«ምን ሆነ?»

«ሽቦው ወልቋል፤ ከመቼ ጀምሮ እንደሆነ አላውቅም። ስሕተቱ የእኔ ነው፤ ማሽኑን የምጠብቀው እኔ ነኝ።»

«አሥራ ሁለት ቦታ ነካን፤ ለአሥራ ሁለቱም መልስ ሰጥቶናል።»

«ላልነካነውም ሰጥቶናል።»

ሽማግሌው ሊቅ ከጭምብላቸው በላይ ባሉት ዓይኖቻቸው ተመለከቷት። «ሰውየው ይዋሻል ማለትሽ ነው?»

«ማነው ውሸታም?» አለ ከጨርቁ ሥር የመጣ ድምፅ። «እኔ እዚሁ ነኝ እኮ! ሩቅ አገር እንዳለ ሰው አትሙኝ እንጂ።»

ሐኪሟ ተነሥታ ዞራ፣ ከነርሷ ጎን ተንበርክካ፣ ፊቱን አየች። ግንባሩ በላብ ወዝቷል፤ ዓይኖቹ ግን እንግዳ እንደሚቀበል ሰው ዓይን ንቁ ነበሩ።

«አንድ ነገር ልጠይቅዎ፤ እባክዎ ሳይቸኩሉ ይመልሱልኝ። መርገጫውን ስረግጥ መጀመሪያ ምን ይሰማዎታል?»

«ማሽኑ እም ይላል።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ ሁላችሁም ዝም ትላላችሁ።»

«እርስዎስ?»

አይነጥፌ ለመጀመሪያ ጊዜ መልስ ዘገየበት። «ዶክተር... እኛ ቤት ቀይ መብራት በርቶ ሦስት ሰከንድ ጸጥ ከተባለ አለቃ በሩን ሰብሮ ነው የሚገባው። አሥር ዓመት እንዲህ ኖሬያለሁ። ማሽኑ እም ሲል፣ እናንተ ጸጥ ስትሉ፣ ኧረ አንድ ሰው ይናገር እላለሁ በሆዴ፤ ከዚያ ምን ልበል ብዬ ከንፈሬን ስፈልግ ከንፈሬ ይነዝረኛል፤ ጣቴን ስፈልግ ጣቴ ይነዝረኛል።»

«ይነዝርዎታል ወይስ የነዘረዎት ይመስልዎታል?»

«እሱንማ የተማራችሁት እናንተ ናችሁ!»

ነርሷ ሳቃቸውን ለመዋጥ ሲታገሉ ትከሻቸው ተንቀጠቀጠ። ሐኪሟም ሳቋ መጣ፤ ነገር ግን ሳቋ ከፍርሃት ጋር የተደባለቀ ነበር፤ ይህ ደግ ሰው፣ ሐኪሞቹን እንዳያሳፍር ብሎ፣ ምላሱን ሊያጣበት በሚችል ካርታ ላይ ባዶ ስፍራዎችን ሁሉ በትጋት እየሞላላቸው ነበር።

ወደ ማሽኑ ስትመለስ ፕሮፌሰሩ ጥቁር የሐር ክር በአንጎሉ ገጽ ላይ አስቀምጠው ነበር። የሚቆርጡበትን መስመር በክር ማሳየት ልማዳቸው ነው።

«ካርታውን ተዪው» አሏት፤ ድምፃቸው ደክሟል። «የተከፈተ አንጎል እንደ ተከፈተ መጽሐፍ አይደለም፤ ገጹን አጥፌ ነገ እመለሳለሁ አይባልም። በቆየን ቁጥር መመረዙን እፈራለሁ። ድንበሩን አውቀዋለሁ፤ ሠላሳ ዓመት ሙሉ ቆርጬዋለሁ።»

«ድንበሩን ያውቁታል፣ ጌታዬ፤ የዚህን ሰው ድንበር ግን አያውቁትም። እኔም አላውቀውም።»

«እና?»

«ከቁጥር አንድ እንጀምር። አሁን ግን ምንም አንጠይቀው።»

የፕሮፌሰሩ እጅ ከክሩ በላይ እንደተንጠለጠለ ቆየ። በሠላሳው ዓመት ውስጥ ከቆረጧቸው መካከል ከጠረጴዛው ተነሥተው ዳግመኛ ያልተናገሩ ሦስት ሰዎች ነበሩ፤ በጉባኤ ላይ አያነሧቸውም፤ ስማቸውን ግን አንድም ቀን አልረሱም። ወረንጦ ጠየቁ፤ የቁጥር ወረቀቶቹን አንድ በአንድ፣ ከአሥራ ሁለት ወደ አንድ እየቆጠሩ፣ ለቀሟቸው።

«ሃያ ደቂቃ» አሉ።

ሐኪሟ ብልሃቷን በአጭሩ አስረዳች። መርገጫውን ረግጣ አትለቅም፤ ማሽኑ ያለማቋረጥ ይጮኻል፤ ኮረንቲ መቼ እንደሚሄድ ድምፁ አያሳብቅም። የወለቀውን ሽቦ በጎማ ጓንት ይዛ፣ ስትፈልግ ከብሎኑ ታገናኘዋለች፤ ስትፈልግ ታርቀዋለች። አይነጥፌ ደግሞ የሚጠየቀው ነገር የለም፤ በቃሉ የሚያውቀውን አንድ ነገር እንደ ሥራው ያንብብ።

«ምን ላንብብ? የአየር ጠባይ ልበላችሁ?»

«ክልክል አይደል እንዴ?» አሉ ነርሷ። ጦርነቱ ከተጀመረ ወዲህ የጠላት አውሮፕላን እንዳይጠቀምበት የአየር ጠባይ በራዲዮ መናገር ተከልክሎ ነበር።

«የድሮውን ነዋ! ከጦርነቱ በፊት የነበረው ዝናብ አሁን ማንን ይጎዳል?»

ከጨርቁ ሥርም ስድስት ዓመት በአየር ላይ ያልተሰማው ንግግር፣ የአይነጥፌ የሥራ ድምፅ፣ ጎላና ረጋ ብሎ ተነሣ፤ «ክቡራንና ክቡራት አድማጮች፣ የነገው የአየር ጠባይ የሚከተለው ነው። በሰሜን በኩል ሰማዩ በከፊል በደመና ይሸፈናል፤ ከሰዓት በኋላ ቀላል ዝናብ ይጠበቃል...» ክፍሉ ውስጥ ያለው ሁሉ፣ ፕሮፌሰሩ ሳይቀሩ፣ ከመስኮቱ ውጭ ምን እንዳለ የረሱትን ያህል አዳመጡ። ዘንጓ አንዱን ነጥብ ነካች፤ ሽቦው ብሎኑን ነካ፤ ዝናቡ ቀጠለ። ሌላ ነጥብ፤ ዝናቡ ቀጠለ። በመጻሕፍቱ የንግግር ስፍራ ተብሎ የተሣለው ነጥብ ላይ ሲደርሱ ፕሮፌሰሩ ትንፋሻቸውን ያዙ፤ ነፋሱ ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ ያለ አንዳች እክል ነፈሰ።

«እዚህ የለም» አሉ ሽማግሌው በሹክሹክታ። «እዚህ መሆን ነበረበት።»

«ይቀጥሉ» አለች ሐኪሟ።

ዘንጓ ወደ ታች ወረደች፤ ክሩን ተሻገረች፤ ሊቆረጥ ወደ ተወሰነው ስፍራ የአንድ ጣት ስፋት ያህል ገባች።

«...በቆላማው አካባቢ ሙቀቱ ከወትሮው ከፍ ሊል ስለሚችል ገበሬዎች...»

ዝምታ።

ነርሷ ዓይኑን አዩ፤ አፉ ተከፍቷል፤ ምላሱ ይንቀሳቀሳል፤ ቃል ግን የለም። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት ሰከንድ። ሐኪሟ ሽቦውን አራቀች።

«...ገበሬዎች ከብቶቻቸውን ጥላ እንዲያስይዙ ይመከራል። ለተፈጠረው የሥርጭት መቋረጥ አድማጮቻችንን ከልብ ይቅርታ እንጠይቃለን። ማነው የቆረጠኝ?»

በዚያ የኦፕራሲዮን ክፍል ውስጥ እንደዚያን ዕለት ተስቆ አያውቅም፤ ፕሮፌሰሩም በሥራ ላይ እንዲህ ሲስቁ ያየ ሰው አልነበረም፤ እጃቸው እንዳይንቀጠቀጥ ዘንጓን ከፍ አድርገው ይዘው እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ። ሐኪሟ ግን አልሳቀችም፤ ስትፈልገው የኖረችው ነገር ከፊቷ ቆሞ ነበር። አይነጥፌ የከንፈር መልስ ከራሱ ሊያዋጣ ይችላል፤ ጣትና ምላስ ሊያዋጣ ይችላል፤ ለትሕትና ብሎ ሊሰጣቸው የማይችለው አንድ መልስ ቢኖር ዝምታ ነው። ያንን መልስ የሰጠው እሱ ሳይሆን አንጎሉ ነበር።

«እንደገና» አለች። ሦስት ጊዜ ደጋገሙት፤ ሦስት ጊዜም ዝናቡ በዚያችው ነጥብ ላይ ቆመ። ሽቦው ሳይነካ ሲቀር ዝናቡ አልቆመም።

ፕሮፌሰሩ ጥቁሩን ክር በወረንጦ አነሡት፤ ወደ ራሳቸው አመጡትና ከነጥቧ ርቆ እንዲያልፍ አድርገው በገዛ እጃቸው እንደገና ዘረጉት። «ሠላሳ ዓመት» አሉ። ከዚያም ቆረጡ፤ ከታሰበው ሲሶ ያህሉን ተዉት።

ታሪኩ በዚህ ቢያበቃ የሐኪሞች ተረት በሆነ ነበር። በሦስተኛው ቀን ግን የተነካው አንጎል እንደሚያደርገው አበጠ፤ አይነጥፌም ቃል አጣ። የሚሉትን ሁሉ ይሰማል፤ ይገባዋል፤ ሊመልስ አፉን ሲከፍት የሚወጣው አንድ ቃል ብቻ ነበር።

«ውሃ ላምጣልህ?» ትለዋለች እህቱ።

«ሰኞ።»

«አትፈልግም ማለት ነው?»

«ሰኞ!» ይላል ተቆጥቶ፤ ብርጭቆውን እያመለከተ።

«ሰኞ ጥሩ ቀን ነው» አሉት ዋናዋ ነርስ ትራሱን እያስተካከሉ። «ስድስቱን ቀኖች የት ጣልካቸው?» እሱም ፋሻውን በሁለት እጁ ይዞ ሳቀ፤ ሳቁ አልተነካም ነበር።

በኮሪደሩ ላይ እህቱ ሐኪሟን አስቆመቻት፤ አልጮኸችም። «ሳላገኘው አይቆረጥም ብለሽኝ ነበር።»

«አግኝተነዋል፤ አልተቆረጠምም። አጠገቡ ስለቆረጥን አብጧል። ይወርዳል ብለን እናስባለን።»

«ካልወረደስ?»

«አላውቅም» አለች ሐኪሟ፤ ይህን ብላም አልሄደችም። ወንበር አመጣች፤ ከእህቱ ጎን ተቀመጠች። ከዚያን ቀን ጀምሮ ከሥራ በፊትና በኋላ እየመጣች ሥዕል ታሳየዋለች፤ ቁልፍ፣ ጫማ፣ ድመት። ሰኞ፣ ሰኞ፣ ሰኞ። በመዝገቧ ላይ የምትጽፈው ቀኑንና የተሳሳተበትን ብዛት ብቻ ነበር፤ የእጅ ጽሕፈቷ ግን በእነዚያ ገጾች ላይ ከወትሮው ያነሰና የተጨማደደ መሆኑን ያየ ሰው ሌላውንም ይረዳ ነበር።

በዐሥራ አንደኛው ቀን ረፋድ ላይ ነርሷ የአይነጥፌን ጢም እየላጩ ነበር። የጦርነት ዘመን ምላጭ ስለነበረ ቆዳ እንጂ ፀጉር አይቆርጥም።

«እትዬ... ሲስተር» አለ፤ ቃሎቹን ከጉድጓድ እንደሚጎትት ሰው አንድ በአንድ እያወጣ። «ይሄ... ምላጭ ነው... ወይስ... መጋዝ?»

የውሃው ሳህን ወደቀ። «አንተ ስድ!» ብለው ጮኹ ነርሷ፤ «አንተ ውለታ ቢስ! በለው፣ ድገመው፣ ስደበኝ!» እያሉ በሳሙና የተለቀለቀ ፊቱን ሳሙት፤ እያለቀሱም ወደ ኮሪደር ሮጡ። እህቱ ከፋብሪካ ስትጠራ የስፌት ቆብ ከጣቷ ሳታወልቅ መጣች፤ ወንድሟ ስሟን ሲጠራ ሰማች፤ ሁለተኛ ጥራኝ አለችው፤ ሦስተኛም አስጠራችው። ሐኪሟ በሩ ላይ ቆማ ነበር፤ ሰው ሁሉ ሲሳሳም የምትገባበትን አላወቀችም። እህቱ ዞር ብላ አየቻትና «ነይ እንጂ፣ የኔ እመቤት፤ ምን ደጅ ያስቆምሻል!» ብላ ጎትታ ከመካከላቸው አገባቻት።

ሚያዝያ ፴ ቀን ማክሰኞ የጦርነቱ ማብቃት ተሰማ። አይነጥፌ በዚያን ሰሞን አጫጭር ማስታወቂያዎችን እንዲያነብ ተፈቅዶለት ነበር፤ አልወደቀም፤ የተቃጠለ ጎማም አልሸተተውም። ኮሎኔሉ የአዋጁን ወረቀት ይዘው ወደ ስቱዲዮ ሲገቡ ሦስት ሌሎች አንባቢዎች ቆመው ይጠብቁ ነበር፤ እሳቸው ግን ፋሻ ወዳለበት ራስ አመሩ። «መጀመሩን ከዚህ ሰው ሰምተዋል፤ ማብቃቱንም ከሱ ይስሙ» አሉ።

በሆስፒታሉ ትልቅ ክፍል ውስጥ ፕሮፌሰሩ፣ ሐኪሟ፣ ነርሷና እህቱ ከሃምሳ በሽተኞች ጋር በድምፅ ማጉያው ሥር ተሰብስበው ነበር። ድምፁ ጎላና ረጋ ብሎ መጣ፤ ዓመቱን፣ ቀኑን፣ የተፈረመበትን ሰዓት ተናገረ። «ከዛሬ ጀምሮ» አለ፤ «በየግንባሩ ተኩስ ቆሟል፤ በአገራችንና በዓለም...»

ዝምታ።

እህቱ የሐኪሟን ክንድ ጨበጠች። አንድ። ፕሮፌሰሩ ዓይናቸውን ጨፈኑ። ሁለት። ሦስት። ሐኪሟ ከንፈሯ ሳይንቀሳቀስ ትቆጥር ነበር። አራት።

«...ሰላም ሆነ።»

ከዚያ በኋላ ምን እንደተነበበ በዚያ ክፍል የሰማ የለም። እግሩ በገመድ የተሰቀለ ወታደር የብረት ሳህኑን በማንኪያ ይደበድባል፤ ነርሶቹ ባለ ጎማውን አልጋ ከነበሽተኛው እየገፉ ይዞራሉ፤ ፕሮፌሰሩ ዋናዋን ነርስ አንሥተው፣ ሁለቱም በማያውቁት ዳንስ፣ እርስ በርሳቸው እግር እየተረጋገጡ ይሽከረከራሉ፤ ከውጭ የመኪና ጥሩምባና የደወል ድምፅ ይሰማል።

አይነጥፌ ወደ ማታ ሲመጣ ሐኪሟ የጠየቀችው ስለ አራቱ ሰከንድ ብቻ ነው።

«ምን ሆነው ነበር?»

«ቃሉ ጠፋኝ። ጽሑፉ ላይ አየዋለሁ፤ አፌ ግን አያውቀውም።»

«ለምን በሌላ አልሞሉትም?»

«በምን?» አለ ሳቅ ብሎ። «እሱን የሚተካ አልነበረማ። ጠበቅኩት።»

የዚያ ዕለት ንግግር ተቀርጾ ነበርና እስከ ዛሬ ይሰማል። ስለ ዘመኑ የጻፉ ሰዎች ያቺን አራት ሰከንድ ሳያነሡ አያልፉም፤ አንዱ ጸሐፊ አንባቢው በእንባ ታንቆ ነው ይላል፤ ሌላው የሞቱትን በኅሊና ለማሰብ ሆን ተብሎ የተደረገ ነው ይላል፤ የንግግር ጥበብ የሚያስተምሩም ደቀ መዛሙርታቸውን ዝምታ ከቃል እንዴት እንደሚበልጥ ያሳዩበታል። የፕሮፌሰሩ ታላቅ መጽሐፍ ከስምንት ዓመት በኋላ ታትሞ፣ በውስጡ «ሕመምተኛ ቁጥር ፵፩፣ ወንድ፣ ተናጋሪ» የሚል መግለጫ ያለው የአንጎል ሥዕል ወጥቷል፤ የንግግር ስፍራ ከሰው ሰው እንደሚለያይም በስማቸው ተመዝግቦ ይጠቀሳል። የሐኪሟ ስም በመቅድሙ ከተመሰገኑት ዘጠኝ ሰዎች መካከል ሰባተኛው ነው። በየአገሩ ያሉ የአንጎል ሐኪሞች ኮረንቲው መቼ እንደሚያልፍ ለሕመምተኛው እንዳይታወቅ ይጠነቀቃሉ፤ ጥንቃቄው ከየት እንደመጣ ቢጠየቁ ድሮም እንዲሁ ነበር ይላሉ።

እሷ ይህን ለማረም አልጻፈችም። ጦርነቱ ባበቃበት ዕለት መዝገቧ ላይ ያሰፈረችው አንድ መስመር ነው፤ «ቁጥር ፵፩፤ ቃል ጠፋው፤ አራት ሰከንድ ጠብቆ አገኘው።» ታሪክ አራቱን ሰከንድ በትክክል ይዟል፤ ምክንያቱን ግን ከሌላ ቦታ ወስዶ ሞልቶታል። ይህም ሆኖ የተበደለ ሰው ያለ አይመስልም፤ በዚያች ቅጽበት ውስጥ ሕዝቡ የሰማው ሐዘንም ሆነ ሐኪሟ የቆጠረችው ፍለጋ የሚያበቃው በአንድ ቃል ነው፤ ቃሉም በሰዓቱ ተነግሯል።